ሾፌር አልባው የእርዳታ መኪና የሱዳንን ኬላዎች ማለፍ ይችላል?

ካፉሪ የካርቱም ባህሪ ባለጸጎች ሰፈር ነው። ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ አካባቢ በአንድ ወቅት የእርሻና የወተት ላሞች ይዞታ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከይዞታው ባለቤት ነው። ከጊዜ በኋላ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ተሠሩበት፤ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ዑመር አል-በሽር ዘመዶች የሚኖሩበት ሰፈር በመሆንም ታወቀ። በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያሉ ሰፈሮችን በቅርብ ያውቋቸዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በከተማዋ ባለጸጎች ቤት በሠራተኝነት እየተቀጠሩ አገር ቤት ያለ ቤተሰባቸውን ሲደግፉ ኖረዋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነቱ ሲፈነዳ ካፉሪ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀ። የሱዳን ጦር ሰፈሩን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ከ22 ወራት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም ነበር። በእነዚያ ወራት በካርቱም፣ በባህሪና በኦምዱርማን ሰማይ ላይ ሰው አልባ አውሮፕላን እንግዳ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ተፋላሚ ወገኖች ሰው የማይሳፈርባቸውን መሣሪያዎች ከሩቅ እየመሩ ዒላማቸውን መትተዋል። ለተራበው ነዋሪ የሚደርሰው ዱቄትና ምስር ግን በሰው ትከሻ፣ በአህያ ጋሪና ሕይወቱን ለአደጋ ባጋለጠ ሾፌር መኪና መጓጓዙን ቀጠለ።

ይህ ልዩነት በእርዳታው ዓለም አንድ ጥያቄ አስነሥቷል። ሰው አልባው ማሽን ቦምብ ማድረስ ከቻለ፣ እህል ማድረስስ ለምን ይሳነዋል? በበለጸጉት አገራት መጋዘኖች ዕቃ የሚያነሡት የሮቦት እጆችና ያለ ሾፌር የሚጓዙት መኪናዎች የአሽከርካሪዎችን ሕይወት ለመታደግ ሊውሉ አይችሉም? ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ከቴክኖሎጂው ብቃት ባሻገር ወደ ኬላው፣ ወደ ስልክ ኔትወርኩና ወደ ጫኝና አውራጁ ይወስዳል።

በለጥ ያለ ወለል ላይ

ግዙፉ የአሜሪካ የበይነ መረብ ገበያ አማዞን በአውሮፓውያኑ 2012 ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን የመጋዘን ሮቦቶች አምራች በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 አጋማሽ ደግሞ በመጋዘኖቹ ያሰማራቸው ሮቦቶች ቁጥር አንድ ሚሊዮን መድረሱን ይፋ አደረገ። ከእነዚህ መካከል በስፋት የሚታወቁት ከመደርደሪያ ሥር ሾልከው የሚገቡ፣ መደርደሪያውን እንዳለ አንሥተው ሠራተኛው ወደቆመበት የሚወስዱ ዝርግ ማሽኖች ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ለማሽን ይመቻል። ወለሉ ለጥ ያለ ነው፤ መንገዱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ኤሌክትሪክና ኔትወርክም አይቋረጥም።

የሮቦት መሐንዲሶችን ለአሥርት ዓመታት ያስቸገረው ጉዳይ መጨበጥ ነው። የሰው እጅ ዕንቁላልን ሳይሰብር፣ የዘይት ጀሪካንን ሳይጥል ማንሣት የሚችለው ጣቶቹ የሚሰማቸውን ክብደትና ልስላሴ በቅጽበት ስለሚያመዛዝን ነው። ሮቦቶች ይህን ለመተካት የተለያዩ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። አንዳንዱ አየር እየሳበ በመጣበቅ ካርቶን ያነሣል፤ አንዳንዱ እንደ ጉጠት በሁለት ጣት ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ በለስላሳ የጎማ ጣቶች ፍራፍሬን የመሰለ በቀላሉ የሚጎዳ ነገር ይጨብጣል። አማዞን በ2025 ያስተዋወቀውና «ቩልካን» የሚል ስም የሰጠው ሮቦት የመዳሰስ ስሜትን የሚተኩ ሴንሰሮች አሉት። ኩባንያው እንደሚለው በመጋዘኖቹ ከሚገኙት የዕቃ ዓይነቶች 75 ከመቶ የሚሆኑትን ማንሣት ይችላል። ሥራው በተደራጀ፣ ሙቀቱና ብርሃኑ በተስተካከለ መጋዘን ውስጥ ሆኖ እንኳ ከአራት የዕቃ ዓይነቶች አንዱ ለሰው እጅ ተትቷል ማለት ነው።

በአፍሪካ ቀንድም የዚህ ሥርዓት ጅምር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2009 ዓ.ም በአዲስ አበባ ያስመረቀው የካርጎ ተርሚናል ጭነትን በማሽን እያነሣ የሚደረድርና የሚያወጣ ሥርዓት አለው። እዚያ የሚስተናገደው ጭነት ግን መጠኑ በተወሰነ መጫኛ ላይ የታሰረ፣ መለያ የተለጠፈበት ነው። ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማው መጋዘኖች ሲደርስ የሚረከበው ጫኝና አውራጁ ነው።

የእርዳታ እህል ደግሞ ከሁሉም ጭነቶች ለማሽን የማይመች ነው። እህሉ የሚጓዘው በሽመና በተሠራ የላስቲክ ጆንያ ነው። አየር በሽመናው መሐል ስለሚያልፍ በመሳብ የሚሠራው የሮቦት እጅ አጥብቆ ሊይዘው ይቸገራል። ጆንያው ሲነሣ በውስጡ ያለው እህል ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፤ ቅርጹም ይለዋወጣል። የዱቄትና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ችግሩን የፈቱት ከጆንያው ሥር በሚገቡ ሹካ መሰል ጣቶች ነው። ሆኖም በፋብሪካው እያንዳንዱ ጆንያ ተራውን ጠብቆ፣ ተጋድሞ፣ በታወቀ ቦታ ላይ ይመጣል። በጦርነት ቀጠና ባለ መጋዘን ውስጥ ግን ጆንያው እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ አንዱ ተቀድዷል፤ ሌላው ርሷል። የትኛውን ቀድሞ፣ በየትኛው ጥግ ይዞ ማውረድ እንዳለበት በአንድ እይታ የሚያውቀው በሥራው ያደገ አውራጅ ነው።

ከአሌፖ የተወለደ ሐሳብ

ከመጋዘኑ ይልቅ ለሱዳን የቀረበው ሙከራ በመንገድ ላይ ያለው ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከጀርመን የአየርና የጠፈር ምርምር ማዕከል ጋር በመሆን «አሄድ» የተሰኘ ፕሮጀክት ነድፏል። ዓላማው ሾፌር ሳይቀመጥበት ከሩቅ የሚመራ የእርዳታ ተሽከርካሪ መሥራት ነው። የተመረጠው መኪና «ሸርፕ» ይባላል። የሰው ቁመት የሚያህሉ ጎማዎች ያሉት፣ ጭቃና ረግረግ የማይበግረው፣ በውኃ ላይም የሚንሳፈፍ ተሽከርካሪ ነው።

የድርጅቱ የፈጠራ ክፍል ኃላፊዎች በአውሮፓውያኑ 2023 እንደገለጹት ሐሳቡ የተጠነሰሰው በሶርያዋ አሌፖ ነው። ከተማዋ ከ2012 እስከ 2016 በውጊያ ስትታመስ ሾፌር መላክ እጅግ አደገኛ የሆነባቸው አካባቢዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ድርጅቱ 50 ያህል ሸርፖች እንዳሉትና ሱዳንንና ደቡብ ሱዳንን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች በሾፌር እየተነዱ እንደሚሠሩ፣ ያለ ሾፌር የሚደረገው ሙከራም በደቡብ ሱዳን እንደታቀደ ተነግሯል። የጀርመኑ ማዕከል በበኩሉ ሮቦቶችን ከሩቅ በመምራት፣ በጠፈር ምርምርም ጭምር፣ ያካበተውን ልምድ አውጥቷል። በመኪናው ላይ የሚገጠሙ ካሜራዎችና ሴንሰሮች የአካባቢውን ካርታ ይሠራሉ፤ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ኦፕሬተር ደግሞ ምስሉን በሳተላይት እያየ ይነዳል።

ሐሳቡን የወለደው ሥጋት በሱዳን በየጊዜው በደም ተረጋግጧል። ጦርነቱ በጀመረበት ዕለት በሰሜን ዳርፉር ካብካቢያ ሦስት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ሠራተኞች ተገደሉ። ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም ሌሊት ደግሞ 15 የጭነት መኪናዎችን የያዘ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የዩኒሴፍ ቅፍለት በሰሜን ዳርፉር አል ኮማ አቅራቢያ ተመታ። ቅፍለቱ ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነበር። አምስት ሰዎች ሲገደሉ በርካታ መኪናዎች ተቃጠሉ። ተፋላሚዎቹ ወገኖች ለጥቃቱ እርስ በርስ ተወነጃጅለዋል።

እነዚያ መኪናዎች ሾፌር ባይኖርባቸው ኖሮ አምስት ቤተሰቦች ሐዘን ባልተቀመጡ ነበር። ለቴክኖሎጂው ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ምንም ዓይነት የወጪ ስሌትም አይሽረውም። እህሉና አልሚ ምግቡ ግን ሾፌር ኖረም አልኖረ ይቃጠል ነበር።

አሥር ኩንታልና አራት መቶ ኩንታል

ሸርፕ በአንድ ጉዞ የሚሸከመው ከ1 እስከ 1.2 ቶን የሚደርስ ምግብ ነው፤ በነጋዴ ቋንቋ ከ10 እስከ 12 ኩንታል። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው የእርዳታ መጠን አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ይሰጠዋል። ድምሩ 17 ኪሎ ገደማ ይመጣል። በዚህ ስሌት አንድ ሸርፕ ለአንድ ወር የሚመግበው ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ ሰዎችን ነው።

ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር የሚመላለሰው ተሳቢ በአንጻሩ እስከ 400 ኩንታል ይጭናል፤ ይህም ከ2,300 በላይ ሰዎችን ለአንድ ወር ይይዛል። አንድ ተሳቢ የሚሠራውን ለመሥራት ከ34 እስከ 40 የሚደርሱ ሸርፖች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ አካባቢ ባወጣው ግምት በሱዳን ለከፋ ረኃብ የተጋለጠው ሕዝብ 24.6 ሚሊዮን ነበር። ይህን ያህል ሕዝብ በአሥር አሥር ኩንታል መመገብ አይቻልም።

የፕሮጀክቱ ሐሳብም ተሳቢዎቹን ለመተካት አይደለም። ትልልቆቹ መኪናዎች እህሉን እስከሚደርሱበት ያደርሱና፣ ድልድዩ ከተሰበረበት፣ ፈንጂ ከተቀበረበት ወይም ጎርፍ ከተኛበት ቦታ ጀምሮ ያለውን የመጨረሻ ጉዞ ሾፌር አልባው መኪና ይረከባል። በካርቱም ሦስት ከተሞች ይህ እንግዳ ሁኔታ አይደለም። ኦምዱርማንን ከባህሪ ያገናኝ የነበረው የሻምባት ድልድይ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም ፈርሷል። ውጊያው ካለፈ በኋላም በየመንደሩ የቀሩ ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች ተመላሾችን ያሠጋሉ። ለጥቂት ኪሎ ሜትሮች፣ ለጥቂት ኩንታሎች፣ ሰው መላክ ለማይገባበት መንገድ ማሽኑ ተገቢ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

የሾፌሩ ሌላኛው ሥራ

የሱዳንን እርዳታ ያዘገየው ዋና እንቅፋት የሾፌር እጥረት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ከቻድ ወደ ዳርፉር የሚያስገባው የአድሬ መተላለፊያ ከየካቲት እስከ ነሐሴ 2016 ዓ.ም ለእርዳታ ተዘግቶ ቆየ። በዚያው ክረምት በኤል ፋሽር አቅራቢያ በሚገኘው የዛምዛም መጠለያ ጠኔ መግባቱ ተረጋገጠ። የሱዳን ሉዓላዊ ምክር ቤት ነሐሴ 9 ቀን መተላለፊያው ለሦስት ወራት እንዲከፈት ወሰነ፤ በቀናት ውስጥም ማሽላ የጫኑ መኪናዎች ድንበሩን ተሻገሩ። መኪናውም፣ ሾፌሩም፣ እህሉም ነበሩ። ያልነበረው ፈቃድ ነው።

ኢትዮጵያም ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከሁለት ወራት በላይ በሆነ ጊዜ ወደ ትግራይ ከገቡ 445 የጭነት መኪናዎች የተመለሱት 38 ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። የፌዴራሉ መንግሥት መኪናዎቹ ለጦርነት ውለዋል ሲል የትግራይ ባለሥልጣናት ደግሞ የነዳጅ እጥረትንና በመንገድ ላይ በሾፌሮች የሚደርስ እንግልትን በምክንያትነት አቀረቡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የተባበሩት መንግሥታት ለዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮንትራት የሚሠሩ 72 አሽከርካሪዎች በአፋር ክልል ሰመራ መታሰራቸውን አስታወቀ። የእነዚያን ሾፌሮች እንግልት ማሽን ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ የመኪናዎቹን መታገት ግን አያስቀርም።

ከዚህም በላይ የጦርነት ቀጠና ሾፌር መሪ ከማዞር የዘለለ ሥራ አለው። ኬላ ላይ ይወርዳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ የጭነት ሰነዱን ያሳያል፤ ሸራውን ገልጦ እህል እንጂ መሣሪያ እንዳልጫነ ያስረዳል። ታጣቂው ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ በአነጋገሩ ለይቶ ቃላቱን ይመርጣል። ቀጣዩ ኬላ በማን እጅ እንዳለ፣ ትናንት የተከፈተው መንገድ ዛሬ መዘጋቱን የሚሰማው ከሌላ ሾፌር ነው። ሰው የሌለበት መኪና ወደ ኬላ ሲጠጋ ግን ታጣቂው የሚያየው ምን እንደጫነ የማያውቀውን፣ ቁም ቢለው የማይመልስለትን ነገር ነው። የሱዳን ጦርነት ከሰማይ የሚመጣን ሰው አልባ መሣሪያ እንዲፈራ አስተምሮታል። ከሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በፖርት ሱዳን አውሮፕላን ማረፊያና የነዳጅ ማከማቻዎች ላይ ለቀናት የዘነበው የድሮን ጥቃት ይህን ፍርሃት አጽንቶታል። ምድር ላይ የሚመጣውን ሰው አልባ መኪና በምን ይለየዋል?

ሕጉም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በሰብአዊ እርዳታ ሠራተኞች ላይ ብቻ ሳይሆን በእርዳታ ተሽከርካሪዎችና ቁሳቁስ ላይ ሆን ተብሎ የሚፈጸምን ጥቃት የጦር ወንጀል ያደርገዋል። ነገር ግን የአል ኮማው ቅፍለት መንገድ ለተፋላሚዎቹ አስቀድሞ የተነገረ ነበር። ሰው እንዳለበት ታውቆ የተመታ ቅፍለት ባለበት አገር፣ ሰው የሌለበት መኪና ሲቃጠል የሚሰማው ውግዘት ይበልጥ ይቀዘቅዛል የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም።

ኔትወርክ የሌለበት ከተማ

ከሩቅ የሚመራ መኪና ያለ ግንኙነት መስመር ዓይኑም እጁም የለም። በጥር 2016 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ሱዳን በአብዛኛው ክፍሏ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት አጣች። ለመቋረጡ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተወቅሷል። በካርቱምና በባህሪ የሚገኙ የበጎ ፈቃደኞች ማዕድ ቤቶች በአገልግሎቱ መቋረጥ ክፉኛ ተጎዱ። እነዚህ ማዕድ ቤቶች በሱዳናውያን ዘንድ «ተካያ» ይባላሉ፤ አብዛኞቹን የሚያንቀሳቅሱት የየሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች ናቸው። በውጭ ከሚኖሩ ወገኖች የሚላክላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉት በስልክ የባንክ መተግበሪያ በመሆኑ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ምስርና ዱቄት መግዣ አጡ።

ይህ ገጠመኝ ለሾፌር አልባው መኪና ማስጠንቀቂያ ነው። የሳተላይት ግንኙነት የምድሩን መስመር ሊተካ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በጦርነት ቀጠናዎች የሳተላይት ምልክትን ማወክ የተለመደ የውጊያ ስልት ሆኗል። መስመሩ ሲቋረጥ መኪናው ወይ ባለበት ይቆማል፣ ወይ ራሱ መንገዱን እየመረጠ ይቀጥላል። ከቆመ ለዘራፊ ይጋለጣል። ከቀጠለ ደግሞ በሕፃናትና በከብት በተሞላ መንገድ ላይ የሚወስነውን ውሳኔ ኃላፊነት ማን ይወስዳል የሚለው ጥያቄ ይነሣል።

የበጎ ፈቃደኞቹ ማዕድ ቤቶች ሌላም ትምህርት ይሰጣሉ። በካርቱም በጦርነቱ አስከፊ ወራት ምግብ ያደረሱት በየቤቱ ማን እንደታመመ፣ የትኛው አዛውንት ብቻውን እንደቀረ የሚያውቁ ጎረቤቶች ናቸው። በ2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቋርጥ በሱዳን ከ1,100 በላይ የሚሆኑ ማዕድ ቤቶች መዘጋታቸው ተነግሯል። የጠፋው ገንዘቡ እንጂ የማድረሻ መንገዱ አልነበረም።

ጫኝና አውራጁስ?

የመጋዘን ሮቦት በመጣበት ሁሉ የሚነሣው የሥራ ጥያቄ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የተለየ ክብደት አለው። የጉልበት ዋጋ ውድ በሆነበት አገር የሮቦት እጅ ወጪውን በዓመታት ውስጥ ይመልሳል። ጉልበት ርካሽ፣ መለዋወጫና መብራት ውድ በሆኑበት አገር ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ለተፈናቀለ ሰው ከመኪና ላይ ጆንያ ማውረድ ምናልባት በዕለቱ የሚያገኘው ብቸኛ ገቢ ነው፤ የእርዳታው ጉዞ ራሱ እህሉ ከመታደሉ በፊት እንጀራ ይሰጣል። ረዳቱ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጆንያ ሰፊዋና ዘበኛው ሁሉ በዚህ ሰንሰለት ላይ ተንጠልጥለዋል።

ማሽኑ ከዝርፊያም አያድንም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም በአል ጀዚራ ግዛት የሚገኘው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ሲዘረፍ የተወሰደው እህል 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለአንድ ወር የሚመግብ ነበር። ከዚያ ቀደም፣ ጦርነቱ ገና በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በካርቱም ለተጎዱ ሕፃናት አልሚ ምግብ ያመርት የነበረ ፋብሪካ ተቃጠለ። ዩኒሴፍ እንዳለው ፋብሪካው ድርጅቱ በአገሪቱ ለሚያክማቸው ሕፃናት ከሚውለው አልሚ ምግብ 60 ከመቶ ያህሉን ያቀርብ ነበር። የተራቀቁ ማሽኖችም በዚያ መጋዘን ወይም ፋብሪካ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ዕጣቸው መዘረፍና መቃጠል ይሆን ነበር።

ማሽኑ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች

ይህ ሁሉ ሙከራው ከንቱ ነው አያሰኝም። ኤል ፋሽር ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ከበባ በኋላ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ ነዋሪዎቿ የእንስሳት መኖ እስከ መብላት ደርሰው ነበር። እንዲህ ባለ ከበባ ውስጥ አሥር ኩንታል ለአንድ ሆስፒታል የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው፤ ያንን ጭነት ይዞ እንዲገባ አንድን የልጆች አባት ማዘዝ ደግሞ ለማንም አለቃ የሚከብድ ውሳኔ ነው። ሾፌር አልባው ሸርፕ ትርጉም የሚኖረው በእንዲህ ያለው ጠባብ ቦታ ነው፤ ያም ቢሆን ተፋላሚዎቹ ለማሽኑ መንገድ ለመስጠት ከተስማሙ።

ስለዚህ የቴክኖሎጂውን ተስፋ ለመመዘን ከመኪናው ፍጥነትና ከሴንሰሮቹ ብዛት ይልቅ ሌሎች ነገሮችን መከታተል ይጠቅማል። ታጣቂዎች ሰው አልባውን የእርዳታ መኪና የሚለዩበት፣ ሁሉም ወገን የተቀበለው ምልክትና ስምምነት ይኖራል? መኪናው ሲበላሽ የሚጠግነው የአገሩ ሰው ይሠለጥናል? ለማሽኑ የሚወጣው ገንዘብ ከማዕድ ቤቶቹ ድርሻ ይነሣል ወይስ ተጨማሪ ይሆናል?

ካፉሪ ዛሬ ከውጊያው ቀጠና ወጥታለች። ሠራዊቱ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም ጀምሮ ካርቱምን መቆጣጠሩን ካስታወቀ ወዲህ ተመላሾች የተዘረፉ ቤቶቻቸውን እየከፈቱ ነው። ወደነዚህ ሰፈሮች የሚገባው እህል የሚያስፈልገው መንገድ ተከፍቷል፤ በዳርፉርና በኮርዶፋን ላሉት ግን ገና አልተከፈተም። እዚያ የሚሄደውን ተሳቢ ዛሬም የሚነዳው ሰው ነው። መንገዱ ለቅፍለቱ ክፍት መሆኑን በስልክ አረጋግጦ፣ ኬላው ላይ ያ ቃል መከበሩን በገዛ ዓይኑ ለማየት ይጓዛል።